አሥራ አምስት ከአሥራ አምስት

ሰኞ፣ ሰኔ 9

አባባ ወደቀ። ደህና ነው።

ጠዋት ከአዳር ተረኝነት ገብቼ ገና ጋደም እንዳልኩ ዝናቡ መጣ። አባባ የተሰጣውን ልብስ ሊያስገባ ወጥቶ የጓሮ በር ደረጃ ላይ አንሸራተተው። ድው ሲል ነው የተነሣሁት። ስደርስ ደረጃው ላይ ተቀምጦ፣ እርጥብ አንሶላ ታቅፎ፣ "አንሶላው ምንም አልሆነም" ይለኛል። የጭንቅላቱ የኋላ ክፍል ደረጃው ጠርዝ ላይ አርፏል። ትንሽ እብጠት አለው፤ ደም የለም። ራሱን አልሳተም፤ አላስመለሰውም።

ንቅንቅ እንዳይል ነግሬው የአንገቱን አጥንት አንድ በአንድ በጣቴ እየተጫንኩ አየሁ። አያመውም። እጅና እግሩን ያንቀሳቅሳል፤ ጣቶቹን ስነካቸው ያውቃል። የዓይኖቹ ብሌኖች እኩል ናቸው፤ ባትሪ ሳበራባቸው እኩል ይጠባሉ። ዓይን አራት፣ ንግግር አምስት፣ እንቅስቃሴ ስድስት። አሥራ አምስት ከአሥራ አምስት። ከዚህ በላይ የንቃት ነጥብ የለም።

"ሆስፒታል እንሂድ?" አልኩት።

"ሆስፒታሉ እቤቴ መጥቶልኛል፤ እኔ ደግሞ የት ልሂድ?"

ለልቡ ደም የሚያቀጥን ክኒን ይወስዳል። የምገዛለት እኔ ነኝ። እንዲህ ያለ ሰው ድንገተኛ ክፍል ቢመጣብኝ ጭንቅላቱ ሲቲ ስካን ሳይነሣ ከበር አላስወጣውም። ግን እኮ አባባ ዓይኔ ሥር ነው ያለው። ሃያ አራት ሰዓት በየሁለት ሰዓቱ አየዋለሁ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 10

ከሌሊቱ ስድስት፦ 15። ስምንት፦ 15። አሥር፦ 15። "ስሜን አልቀየርኩም፤ አሁን ልተኛበት" አለኝ። ንጋት አሥራ ሁለት፦ 15።

ረፋድ ላይ ሃያ አራት ሰዓቱ ሞላ። ለቤተሰብ የምንሰጠው ወረቀት ላይ ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ አየሁ። ደጋግሞ ማስመለስ፣ መንቀጥቀጥ፣ ከእንቅልፍ አልነቃ ማለት፣ የአንድ ዓይን ብሌን መስፋት፣ ከጆሮ ወይም ከአፍንጫ ውሃ መፍሰስ። አንዱም የለበትም። ለታናሽ እህቴ ደወልኩና "አባባን ትንሽ አንሸራትቶት ነበር፤ አይቼዋለሁ፤ ምንም የለውም" አልኳት። አፌን ሞልቼ ነው ያልኩት።

"እትዬ፣ አንቺ ካየሽውማ አለቀ" አለችኝ።

ዓርብ፣ ሰኔ 13

ከሕንፃ ላይ የወደቀ ግንበኛ አመጡ። በትንሽ መኪና የኋላ ወንበር ላይ አጣጥፈው ነው ያስገቡት። አንዱ በብብቱ፣ ሌላው በእግሮቹ ይዘው ሊጎትቱት ሲታገሉ ደረስን። "ቀስ በሉ" ጮኸባቸው። ቀስ በሉ የቃሬዛ ሠራተኛችን ነው። በሥራ ሰዓት ከዚህች ቃል ሌላ ስለማይወጣው ስሙ እሷው ሆና ቀረች።

ጭንቅላቱን እኔ ያዝኩ። በእኛ ክፍል ሕጉ አንድ ነው፤ ጭንቅላት የያዘ ነው የሚቆጥረው። ዋናው ሐኪም ቢሆን እንኳ ጭንቅላት የያዘው ሦስት ሳይል ንቅንቅ አይልም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ስል አራት ሰው በአፌ ተንቀሳቀሰ። አንገቱና ጀርባው ሳይጣመም አብሮ ዞረ። አንገቱን በማሰሪያ አጥብቀን እግሩን ቆነጠጥነው። አላወቀውም። ወደ ላይ እየወጣን ቆነጠጥነው፤ እምብርቱ ጋ ስንደርስ "አሁን ተሰማኝ" አለ።

ኮሪደር ላይ ወንድሙ ለጓደኛው "ሲወድቅ ነው ወይስ እኛ ስናነሣው?" ሲለው ሰማሁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

"ሲስተር፣ እኛ ነን እንዴ?"

"ሲወድቅ ነው" አልኩት።

ይህን ማንም ሊያውቅ አይችልም። እኔም አላውቅም። ግን ሰውየው ዓይን ዓይኔን እያየ ነበር፤ ምን ልበለው? የሥራ ልብሴን ሳላወልቅ እቤት ገባሁ። አባባ በር ላይ ቆሞ "ምን ሆንሽ?" አለኝ። "ዝናቡ ነው" አልኩት። ሲተኛ እንደገና በባትሪ አየሁት። እኩል ናቸው።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 17

እብጠቱ ጠፋ። አባባ በራሱ ቀልድ ይስቃል። ማየቱን ተውኩት። አሁንም የማይተወኝ የሆነ ነገር አለ፤ ሌሊት ድው የሚል እየሰማሁ እነቃለሁ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 28

አባባን ጠዋት ጠዋት ራሱን ያመዋል። መነጽሩ ስላረጀ ነው። አርባ ዓመት ልብስ ሲሰፋ፣ መርፌ ቀዳዳ ላይ ሲያፈጥ የኖረ ዓይን ነው፤ ባይደክም ነው የሚገርመው። የራስ ምታት ክኒን ሰጠሁት። ሰኞ መነጽር ቤት እወስደዋለሁ።

ለማንኛውም ብዬ ጠየቅኩት።

"አባባ፣ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?"

"ቀን የሚቆጥር ደሞዝተኛ ነው። እኔን ምን አገባኝ?"

ሳቄ መጣ። ዓይን አራት፣ ንግግር አምስት፣ እንቅስቃሴ ስድስት።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 1

መነጽሩ ተቀየረ። ከጡረታ በኋላም ለጎረቤት ሱሪ ማሳጠሩን አልተወም። ዛሬ ጎረቤታችን አስተማሪው ያሳጠረለትን ሱሪ ይዞ ተመለሰ። አንዱ እግር ከሌላው ሦስት ጣት ያጥራል።

"አባት፣ ቀልደውብኛል መሰለኝ" አለ እየሳቀ።

አባባ ሱሪውን ተቀብሎ አገላበጠው። ብዙ አየው። "ሱሪው ልክ ነው፤ እግርህ ነው የተሳሳተው" አለው። ሁላችንም ሳቅን፤ አስተማሪውም ሳቀ። ከሄደ በኋላ አባባ ሱሪውን ጭኑ ላይ አድርጎ መቀሱን በእጁ እንደያዘ ቆየ። አልቆረጠም። አዲሱን መነጽር ገና አልለመደውም።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 3

ቸኩያለሁ። ሁለት የሞተር አደጋ በአንድ ሰዓት። አንዱ እያወራ ገባ፤ "እናቴ እንዳትሰማ" ብሎኝ ነበር። ቀስ በቀስ ንግግሩ ተኮላተፈ። ቀኝ ብሌኑ ሰፋ። ሮጥን። ከቀዶ ጥገና ወጥቷል፤ ይኑር አይኑር አላውቅም። እያወሩ የሚገቡትን ነው የምፈራው። የሚጮህ ሰው አያስፈራኝም።

አባባ ሸሚዙን አንድ ቁልፍ አዛንፎ ቆልፎ ቁርስ ቀረበ። አስተካከልኩለት። የቀኝ ነጠላ ጫማው ሲሄድ ይጎተታል። ጫማው አልቋል፤ ሌላ ልገዛለት።

እሑድ፣ ሐምሌ 6

ታናሽ እህቴ መጣች። ምሳ ላይ አባባ ውሃ ፈልጎ "ያንን... ያንን አቀብዪኝ" እያለ ጠርሙሱን በጣቱ አሳያት። ብርጭቆውን በግራ እጁ ተቀበላት። ዕቃ ሳጥብ ተከትላኝ ገባች።

"እትዬ፣ አባባ ተለውጧል።"

"አርጅቷል።"

"ሰው በአንድ ወር ነው እንዴ የሚያረጀው?"

"አንቺ በሁለት ሳምንት አንዴ ነው የምትመጪው። እኔ በየቀኑ አየዋለሁ።"

"እሱ ነዋ። በየቀኑ ስለምታዪው ነው ያልታየሽ።"

"ሆስፒታል የምሠራው እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?"

ፎጣ አነሣች። ከዚያ "እኔ ልጁ ነኝ" አለችና ሰሃን ማድረቅ ጀመረች።

ተናድጄ፣ እጄን እንኳ ሳልጠርግ ወጥቼ እሷ ፊት ጠየቅኩት። "አባባ፣ ወሩ ማን ነው?"

"ዝናቡን አታዪም? የዝናብ ወር ነዋ።"

"የት ነው ያለነው?"

"ሁለት ሴቶች የሚጣሉበት ቤት።"

"አየሽ?" አልኳት። አልሳቀችም። ስትሄድ አባባን አንገቱን አቅፋ ብዙ ቆየች፤ እኔን ግን በሩቁ ነው የተሰናበተችኝ። ምን አድርጊ ነው የምትለኝ? ራሱን ስቶ አልወደቀ፤ አላስመለሰው። ቀልድ የሚያውቅ ሰው አእምሮው ጤነኛ ነው። ሃያ አራት ሰዓቱ ካለፈ ወር ሊሞላው ነው።

ዓርብ፣ ሐምሌ 11

ግንበኛው ወደ ማገገሚያ ክፍል ተዛወረ። እግሮቹ አልተመለሱም። ወንድሙ ፈልጎኝ መጣ፤ ብርቱካን ይዞልኛል።

"ሲስተር፣ ያን ቀን ያልሽኝ ባይሆን አብጄ ነበር። ሲወድቅ ነው ስላልሽኝ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ" አለኝ።

ብርቱካኑን ተቀበልኩ። ልበላው ግን አልቻልኩም።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል። እዚህ ደብተር ላይ እንኳ ውሸት ከጻፍኩ የት ልናገር ነው? ሰኔ 9 ቀን የጻፍኩትን ገልጬ አነበብኩት። "አባባ የተሰጣውን ልብስ ሊያስገባ ወጥቶ" ይላል። አባባ በራሱ አልወጣም። እኔ ነኝ የላክሁት። ዝናቡ ጣራውን ሲመታ ከአልጋዬ ሳልነሣ ጮህኩበት። በሰባ አራት ዓመቱ፣ ክኒን የሚውጥ ሰው፣ በዝናብ። እኔ ሞቆኝ ተኝቼ።

ስለዚህ ነው ሆስፒታል ያልወሰድኩት? አይደለም። ደክሞኝ ነበር፤ እሱም አልፈለገም። ሄደን ቢሆን "እንዴት ወደቀ?" ብለው ይጠይቁኝ ነበር። ግን ስለዚህ አይደለም።

ዛሬ ከሰዓት ስመለስ ተኝቶ አገኘሁት። በቀን ተኝቶ አያውቅም ነበር። በሩ ላይ ቆሜ ትንፋሹን ቆጠርኩ። አሥራ ስድስት በደቂቃ። ጤነኛ ነው። ከበሩ ለመሄድ ግን እግሬ እንቢ አለኝ።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 16

የምጽፈው ኮሪደር ላይ ነው። የእኛው ሆስፒታል ኮሪደር፣ የቤተሰብ ወንበር ላይ። አሥራ ስድስት ዓመት ስሠራ አንድም ቀን ተቀምጬበት አላውቅም።

ጠዋት ለአዳዲስ ነርሶች የንቃት ነጥብ አሰጣጥን ማስተማር የእኔ ተራ ነበር። "ስሙን ጠይቁ፤ ያለበትን ቦታ ጠይቁ፤ ጊዜውን ጠይቁ። ሦስቱንም በትክክል ከመለሰ ንግግር አምስት። እያወራም መልሱ ከተዛባ አራት ነው፤ አትራሩለት" አልኳቸው። ከኋላ የተቀመጠች ቀጭን ልጅ እጇን አወጣች።

"ሲስተር፣ በቀልድ ቢመልስስ?"

"ቀልድ መልስ አይደለም። ድገሚና ጠይቂው። የጠፋበት ሰው በቀልድ ነው የሚሸሸገው።"

ሳላስበው ነው የመለስኩላት፤ ሥራዬ ነው፤ አውቀዋለሁ። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። ጠመኔውን አስቀምጬ ወጣሁ። ቀስ በሉ በር ላይ "ሲስተር፣ ምነው?" አለኝ፤ አልፌው ወደ ቤት ሮጥኩ።

አባባ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጧል። ቁርሱን አልነካውም። ፊቱ ተንበረከክኩ።

"አባባ፣ ዛሬ ቀልድ የለም። ወሩ ማን ነው?"

"ደግሞ ጀመረሽ?"

"ወሩ ማን ነው?"

ሊስቅ ሞከረ። የአፉ ቀኝ ጠርዝ አልተከተለውም። ከዚያ ሳቁን ተወው።

"አላውቀውም ልጄ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"እንጃ። ከቆየ።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"አንቺ ስትስቂ..." ቃሉ ጠፋበት። ጠበቅኩት። "ስትስቂ ደህና የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።"

ዓይንህን ጨፍነህ ሁለቱንም እጅህን ወደፊት ዘርጋ አልኩት። ግራው ቆመ። ቀኙ መዳፉ እየተገለበጠ ቀስ ብሎ ወረደ። እሱ አልታወቀውም፤ ሁለቱም የቆሙ መስሎት "እስከ መቼ ነው የማቆማቸው?" አለኝ።

ሁሉም ነበረ። ራስ ምታቱ፣ ሱሪው፣ ቁልፉ፣ ጫማው፣ ጠርሙሱ። በእጄ ጽፌዋለሁ፤ አንድ ሳይቀር። ሌላ ሰው ይህን ደብተር ቢያገኝ ሐኪም ባይሆን እንኳ ያውቀው ነበር። እኛ የሰዓት ሰዎች ነን። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ በደቂቃ የሚገድለውን እንጠብቃለን፤ ሃያ አራት ሰዓት ያለፈው ሰው ለእኛ የዳነ ነው። በየቀኑ ጠብ እያለ፣ አምስት ሳምንት ሙሉ የሚጠራቀም ደም እንዳለም ተምሬአለሁ፤ ፈተና ላይ መልሼዋለሁ። የአዋቂ አጥፊ ማለት እኔ ነኝ።

ስንደርስ አባባን ከመኪናው ያወረደው ቀስ በሉ ነው። ማን እንደሆነ ሲያይ ቃሬዛውን ለብቻው ገፋ፤ ይሮጥ ነበር።

ተረኛዋ ሐኪም ወጣት ናት፤ ሥራ ስትጀምር መርፌ የት እንደሚቀመጥ ያሳየኋት እኔ ነኝ። አባባ አጠገባችን ቃሬዛው ላይ ተኝቶ እንደ ማንኛውም ቤተሰብ ጠየቀችኝ።

"መቼ ነው የወደቁት?"

"አምስት ሳምንት አልፎታል።"

"ያኔ ማን አያቸው?"

"እኔ።"

"ስካን ተነሥተዋል?"

"አልተነሣም።"

"ደም የሚያቀጥን ይወስዳሉ?"

"ይወስዳል።"

ቀና ብላ አላየችኝም። ብታየኝ ይሻል ነበር።

"አወዳደቃቸውስ?"

"ዝናብ መጥቶ... ልብስ ሊያስገባ በራሱ ወጥቶ።"

እዚያ ቆሜም ዋሸሁ። ጻፈችው።

ምስሉን አየሁት። በግራ በኩል ከራስ ቅሉ ሥር የተኛ ጨረቃ የመሰለ ነገር አለ። አንጎሉን ወደ ቀኝ ገፍቶታል። ቀዶ ሐኪሙ "የቆየ ደም ነው፤ በቀዳዳ ይወጣል፤ ግን መጀመሪያ የክኒኑን ሥራ ማርከስ አለብን" አለ። መድኃኒት ተሰቅሎለት እየጠበቅን ነው። ከመጣን ወዲህ ሁለቴ እንቅልፍ ወስዶታል። ሁለተኛውን ጊዜ ለመቀስቀስ ትከሻውን መጭመቅ ነበረብኝ።

እህቴ መጣች። እንድትሰድበኝ ጠበቅኩ። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ አጠገቤ ተቀመጠች። ብትሰድበኝ ምን ነበረበት?

ሐሙስ፣ ሐምሌ 17

ትናንት ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ቀዶ ጥገና ገባ። ሁለት ቀዳዳ።

አምስት ከሩብ። ወጣ። ይተነፍሳል። አልነቃም።

ስምንት። አልነቃም።

አሥር። ነርሷ ስትጠራው ዓይኑን ገለጠ። ተመልሶ ጨፈነ። ንግግር የለም። ነጥቡን ከኋላዋ ሆኜ ልሰጥ ስል ዞር ብላ "እትዬ ሲስተር፣ ዛሬ ቤተሰብ ነሽ" አለችኝ። እውነቷን ነው። የእኔ ነጥብ ምን ይረባል?

ጠዋት። እህቴ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወስዷታል። በእንቅልፏ እጅጌዬን ይዛለች።

ዓርብ፣ ሐምሌ 18

ስሙን ተናገረ። እኔን ሲያይ በእህቴ ስም ጠራኝ። ቀኝ እጁ አልጋው ላይ ተኝቷል፤ ነርሷ "ይጨብጡኝ" ስትለው ጣቶቹ ብቻ ትንሽ ይንቀሳቀሳሉ። ቀዶ ሐኪሙ "ይመለሳል፤ ግን አእምሮው ምን ያህል እንደተጎዳ ለማወቅ ቀን ይስጡን" አለ። አባባ እንደነበረው ካልተመለሰስ? በልብስ ስፌቱ፣ በጨዋታው፣ በእኛ ስም ላይ የቆመ ሰው ነው። ከዚህ የትኛው ቀርቶ የትኛው እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም።

እሑድ፣ ሐምሌ 20

ዛሬ ሐኪሟ የማስታወስ ችሎታውን ልትፈትሽ መጣች። የእኔን ቃል የጻፈችበትን ወረቀት ይዛለች። ወሩን ጠየቀችው። አስቦ "ሐምሌ" አለ። ቀኑን ሳተው። የሁለታችንን ስም በትክክል ጠራ።

"አባት፣ እንዴት እንደወደቁ ይነግሩኛል?"

አባባ ጭንቅላቱ በፋሻ እንደተጠቀለለ ጣራውን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ።

"ዝናብ መጣ። ልብስ ላስገባ... በራሴ ወጣሁ።"

ሐኪሟ ወረቀቷን አይታ "ትክክል" አለችና ምልክት አደረገች። እህቴ ደስ ብሏት ትከሻዬን ነካችኝ።

ሦስት ቀን የለመንኩት እንዲያስታውስ ነበር፤ አሁን ግን ምን እንደሰማሁ አላውቅም። ያን ዕለት ለሐኪሟ ስናገር አጠገቤ ተኝቶ ነበር። ራሱ የሆነበትን ረስቶ ከእኔ የሰማውን መልሶ ቢናገርስ? ትክክል የተባለው የእኔ ውሸት ነው። አንዴ በማይገባው መልስ ሙሉ ነጥብ ሰጥቼው ልገድለው ነበር፤ አሁን ደግሞ ሌላ ሰው በእኔ ቃል እየሰጠው ነው። ሐኪሟ ወረቀቷን አጥፋ ልትሄድ ተነሣች።

"ዶክተር፣ ትክክል አይደለም" አልኩ። "በራሱ አልወጣም። እኔ ነኝ የላክሁት። ከአልጋዬ ሆኜ ጮህኩበት። ያን ዕለት የነገርኩሽ ውሸት ነው።"

እህቴ እጇን ከትከሻዬ አነሣች። ሐኪሟ ወረቀቷን መልሳ ዘረጋች። አባባ በግራ እጁ ዓይኑን ሸፈነ።

"ዝም ብትዪ ምን ነበረበት?" አለኝ።

"ታስታውሰዋለህ?"

"እንዴት አላስታውስ? 'አባባ፣ አንሶላዬ ረጠበ፤ ቶሎ በል' ነው ያልሽኝ። ቶሎ በል ስትዪኝ ጫማዬን ሳላደርግ በካልሲ ወጣሁ።"

በካልሲ መውጣቱን አላውቅም ነበር። ያን ቀን እግሮቹን መርምሬአለሁ፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ ነክቻለሁ፤ ካልሲውን ያወለቅኩለት እኔ ነበርኩ፤ ጫማው የት እንዳለ ግን አልጠየቅኩም። ሐኪሟ ምልክቷን ሰርዛ ከአባባ አፍ እንደወጣ ከመጀመሪያው ጻፈችው። እህቴ ወደ መስኮቱ ሄዳ ጀርባዋን ሰጥታን ቆመች። እንድትዞር ጠበቅኩ፤ አልዞረችም። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ማልቀስ ስጀምር ቀኝ እጁን ይዤ ነበር። ጣቶቹ ዝግ ብለው እጄ ላይ ተጣጠፉና ጨበጡኝ። ጨብጠኝ አላልኩትም ነበር።